ቅልጥፍና ወይስ ወደ ነገ የተገፋ ወጪ? የእንግሊዝ ውሃ 35 ዓመታት

የእንግሊዝና የዌልስን የውሃ ዋጋ የሚወስነው ኦፍዋት የተባለ መሥሪያ ቤት በዲሴምበር 2024 ውሳኔውን ሲያሳውቅ፣ ለንደን የሚኖር ሐበሻም ሆነ ማንቸስተር ያለ እንግሊዛዊ በስልኩ ላይ ያነበበው ቁጥር አንድ ነበር። የውሃና የፍሳሽ ክፍያ እስከ 2030 ባሉት አምስት ዓመታት በአማካይ 36 በመቶ ይጨምራል፤ ያውም የዋጋ ግሽበቱ ሳይታከልበት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ድርጅቶቹ በእነዚሁ አምስት ዓመታት 104 ቢሊዮን ፓውንድ እንዲያወጡ ተፈቅዶላቸዋል፤ ከዚህ ውስጥ 44 ቢሊዮኑ ለአዲስ ግንባታ የሚውል ነው። ከ35 ዓመት በፊት ድርጅቶቹ ወደ ግል ሲዛወሩ ሕዝቡ የተነገረው የግል ባለሀብት በአነስተኛ ወጪ የተሻለ ሥራ ይሠራል ተብሎ ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ የቁጠባ ወሬ የት ገባ?

ለዚህ ጥያቄ ሁለት የተዘጋጁ መልሶች አሉ። አንደኛው ወገን “ባለአክሲዮኖቹ በሉት” ይላል። ሌላው ደግሞ “ተቆጣጣሪው ዋጋ አፍኖ ድርጅቶቹን አስራባቸው” ይላል። ሁለቱም ጭብጥ ይዘዋል፤ ሁለቱም ግን ወጪው በምን መንገድ እንደሚወጣና እንደሚወርድ አያስረዱም። የኔ እምነት ይህ ነው፦ በተቆጣጣሪ ሥር ያለ የውሃ ድርጅት ወጪ የሚንቀሳቀሰው በዋናነት ደንቡ በሚቆጥረውና በማይቆጥረው ነገር ነው። የባለቤቱ ማንነት፣ የሥራ አስኪያጁ ትጋት፣ የቴክኖሎጂው መሻሻል ሁሉም ድርሻ አላቸው፤ ግን ከዚያ በኋላ ነው የሚመጡት። ይህን ለማየት ከእንግሊዝ የተሻለ ቦታ የለም፤ የ35 ዓመት ሰነድ በአደባባይ ተቀምጧል።

ከታሪኩ እንነሳ። እስከ 1989 ድረስ የእንግሊዝና የዌልስ ውሃ አብዛኛው በአሥር የመንግሥት ባለሥልጣናት እጅ ነበር። ባለሥልጣናቱ በ1974 የተዋቀሩት የወንዞችን ተፋሰስ ተከትለው ነው። የማርጋሬት ታቸር መንግሥት ወደ ሽያጭ ሲሄድ ዕዳቸውን፣ ወደ 5 ቢሊዮን ፓውንድ የሚጠጋውን፣ ሰረዘላቸው፤ 1.5 ቢሊዮን ፓውንድ ያህል ጥሬ ገንዘብም ጨመረላቸው። ሙሽራ ከነጥሎሿ እንደመዳር ያለ ሽያጭ ነበር። አክሲዮኑ በ240 ፔንስ ለሕዝብ ቀረበ፤ ገዢም አልታጣም።

ችግሩ የውሃ ደንበኛ አማራጭ የሌለው መሆኑ ነው። ስልክ ኩባንያ ያስቀየመህ እንደሆነ ሲም ትቀይራለህ፤ ቧንቧህን ግን ይዘህ ወደ ሌላ ድርጅት አትሄድም። ስለዚህ ገበያው የማይሠራውን ሥራ የሚሠራ መሥሪያ ቤት አስፈለገ። መሣሪያው ከስልክ የተወሰደ ነበር። ኢኮኖሚስቱ ስቲቨን ሊትልቻይልድ በ1983 ለብሪቲሽ ቴሌኮም ያቀረበው ቀመር ዋጋው ከግሽበት በታች በተወሰነ ቁጥር እንዲወርድ የሚያስገድድ ነበር። ድርጅቱ ከተተመነለት በላይ ከቆጠበ ትርፉ የራሱ ነው፤ ካባከነ ኪሳራው የራሱ ነው። ቀመሩ ወደ ውሃ ሲገባ ግን ምልክቱ ተገለበጠ። ማጣሪያ ጣቢያዎች አርጅተዋል፣ የአውሮፓ የመጠጥ ውሃና የመታጠቢያ ባሕር መመሪያዎች ገና አልተሟሉም፣ በ1991 ደግሞ የከተማ ፍሳሽ መመሪያ ተጨመረ። በመሆኑም የመጀመሪያው የዋጋ ጣሪያ ክፍያው በየዓመቱ ከግሽበት በላይ በአማካይ 5 በመቶ ገደማ እንዲያድግ ፈቀደ። የውሃ ዋጋ የጨመረው ባለሀብቱ ስለገባ ብቻ እንዳልሆነ እዚህ ላይ ይታያል። የጥራት ግዴታው ራሱ ወጪ ነበር፤ መንግሥት በራሱ በጀት ሊሸፍነው ያልፈለገው ወጪ።

የቅልጥፍናው ክርክር የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ዴቪድ ሳልና ዴቪድ ፓርከር የተባሉ ተመራማሪዎች ከሽያጩ በፊትና በኋላ ያሉትን ዓመታት አስተያይተው ሲመረምሩ፣ ሽያጩ ብቻውን የምርታማነቱን ዕድገት ጉልህ በሆነ መልኩ እንዳላፈጠነው አገኙ። መሻሻል የታየው በ1994 የተደረገው የዋጋ ክለሳ ጣሪያውን ካጠበበው በኋላ ነው። ቀጣዩ የ1999 ክለሳ ይበልጥ ጠንካራ ነበር፤ በ2000 ክፍያው በአማካይ 12.3 በመቶ በአንድ ጊዜ እንዲወርድ አዘዘ። ድርጅቶቹ ጮኹ፣ ሠራተኛ ቀነሱ፣ የግዥ አሠራራቸውን ቀየሩ፤ አገልግሎቱም አልተቋረጠም። ለኔ ይህ የመጀመሪያው ማስረጃ ነው። ባለቤቱ የተቀየረው በ1989 ነው፤ ወጪው የተነካው ግን ጣሪያው ሲጠብ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ከድንበሩ ማዶ ነው። ስኮትላንድ ውሃዋን አልሸጠችም። በ2002 ሦስት የመንግሥት ባለሥልጣናትን አዋህዳ ስኮቲሽ ዋተርን መሠረተች፤ በተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሥርም አኖረችው። ተቆጣጣሪው የኦፍዋትን የማነጻጸሪያ ስሌት ወስዶ “የእንግሊዞቹ ይህን ሥራ በዚህ ወጪ ይሠሩታል፤ አንተስ?” ብሎ ጠየቀ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የድርጅቱ የሥራ ማስኬጃ ወጪ ከሦስት አንድ እጅ በላይ ወረደ። ባለቤቱ መንግሥት እንደሆነ ነው። ግል ወይስ መንግሥት የሚለው ሙግት ለምርጫ ቅስቀሳ ያመቻል፤ የወጪውን ጉዳይ ግን አይፈታም።

እንግዲህ ንጽጽሩን ጠጋ ብለን እንየው፤ የዚህ ሥራ ጥበብም ተንኮልም ያለው እዚያ ነው። አንድሬ ሽላይፈር በ1985 ባሳተመው ጽሑፍ ያቀረበው ሐሳብ ቀላል ይመስላል፦ የእያንዳንዱን ድርጅት ዋጋ በራሱ ወጪ ሳይሆን በሌሎቹ ወጪ ወስን። እንዲያ ከሆነ ወጪውን ማጋነን አይጠቅመውም፤ ከእኩዮቹ በታች መውረድ ግን ያተርፈዋል። በእንግሊዝ ይህ ሐሳብ በቁም ነገር ተወስዷል። ሁለት የውሃ ድርጅቶች መዋሃድ ቢፈልጉ የሚመረመሩበት ልዩ ሕግ አለ፤ አንዱ ከጠፋ ተቆጣጣሪው የሚያነጻጽርበት ናሙና ያንሰዋልና።

ነገር ግን ማንን ከማን ጋር? ፖርትስማውዝ ዋተር የተባለው ትንሽ ድርጅት ለብዙ ዓመታት በአገሩ ዝቅተኛውን የውሃ ክፍያ ሲያስከፍል ኖሯል። ሥራ አስኪያጆቹ ጎበዞች ሊሆኑ ይችላሉ። ዋናው ምክንያት ግን ከኖራ ድንጋይ ሥር የሚፈልቀው የሃቫንትና የቤድሃምፕተን ምንጭ ነው፤ ንጹሕ ነው፣ ብዙ ማጣራት አይፈልግም፣ ከተማውም ቅርብ ነው። በሌላው ጫፍ ሳውዝ ዌስት ዋተር አለ። ደንበኞቹ ከአገሩ ሕዝብ 3 በመቶ ገደማ ናቸው፤ የሚጠብቀው የመታጠቢያ ባሕር ዳርቻ ግን ከአገሩ ሲሶ ያህሉን ይይዛል። በጋ ላይ የመላው እንግሊዝ ሽርሽረኛ በሚዋኝበት ባሕር ፍሳሽ እንዳይገባ የሚወጣውን ገንዘብ የዴቨንና የኮርንዎል ነዋሪ ይከፍላል። ክፍያው ከሁሉም በላይ ሆኖ ስለቀረ መንግሥት ከ2013 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ በዓመት 50 ፓውንድ ለመደጎም ተገደደ። እነዚህን ሁለት ድርጅቶች በሒሳብ መዝገባቸው ብቻ አቁሞ “ይህ ቀልጣፋ፣ ያ አባካኝ” ማለት ምንጩን ማመስገን፣ ባሕሩንም መውቀስ ነው።

ስለዚህ የኦፍዋት ስሌት ከድርጅቱ ፈቃድ ውጭ የሆኑትን ነገሮች ለይቶ ለማውጣት ይሞክራል። ስንት ቤት ያገለግላል? የመስመሩ ርዝመት ስንት ነው? ሕዝቡ ተጠጋግቶ ነው የሰፈረው ወይስ ተበታትኖ? ውሃው ምን ያህል ውስብስብ ማጣሪያ ይፈልጋል? ስንት የግፊት መጨመሪያ ፓምፕ አለው፣ ውሃውንስ ስንት ሜትር ወደ ላይ ይገፋል? የመጨረሻው ጥያቄ ለአዲስ አበባ አንባቢ ባዕድ አይሆንም። አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ መቶ ሜትር ሽቅብ ለመግፋት ፓምፑ ምንም ኃይል ባያባክን እንኳ 0.27 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ይፈልጋል፤ በተግባር ከዚያ በላይ ነው። ከአቃቂ ጉድጓዶች ተስቦ ወደ ሰሜን የሚወጣ ውሃ የሚያስከፍለውን መብራት የትኛውም ሥራ አስኪያጅ በስብሰባ አይቀንሰውም። ፓምፑን ሊያድስ፣ የሚሠራበትን ሰዓት ሊመርጥ፣ በመንገድ የሚፈሰውን ሊያስቀር ይችላል፤ ተራራውን ግን ዝቅ አያደርገውም። በ2022 የአውሮፓ የኃይል ዋጋ ሲንር የእንግሊዝ ድርጅቶች ወጪ ያሻቀበውም በዚሁ ነው። ያን ጊዜ ማንም በአንድ ሌሊት ሰነፍ አልሆነም።

ይህ ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረው ልዩነት ነው ቅልጥፍና የሚባለው። እሱም ሁለት ነው። አንዱ ወደ ኋላ የቀረው ከፊተኞቹ ለመድረስ የሚያደርገው ሩጫ ነው። ሌላው የፊተኞቹ ራሳቸው በአዲስ ዘዴና መሣሪያ የሚያሳዩት ዕድገት ነው። ይህን ሁለተኛውን ኦፍዋት እስከ 2030 ላሉት አምስት ዓመታት በዓመት 1 በመቶ ብሎ ተምኖታል። አንድ በመቶ! የኮምፒውተርና የስማርት ቆጣሪ ወሬ ሁሉ ተደምሮ የሚያመጣው ይህን ታህል ነው ተብሎ ይታሰባል። ስለ መጠንም አንድ ነገር ልበል። ትልቅ መሆን ሁልጊዜ ያረክሳል የሚለው እምነት በውሃ አይሠራም። ሳልና ባልደረቦቹ በ2007 ባሳተሙት ጥናት የእንግሊዞቹ ግዙፍ ድርጅቶች ከልክ በላይ በመስፋታቸው ምርታማነታቸው እንደተጎዳ አሳይተዋል። ውሃ ከባድ ነው፤ እንደ መብራት በሽቦ አይጓዝም።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ እንሂድ፤ ሕዝብ ብዙም ወደማያነሳው። የእንግሊዝ የውሃ ክፍያ ትልቅ ክፍል ለደመወዝ ወይም ለኬሚካል የሚሄድ አይደለም፤ በመሬት ሥርና በላይ ለዋለው ገንዘብ የሚከፈል ኪራይ ነው። ተቆጣጣሪው ለእያንዳንዱ ድርጅት የሀብት መዝገብ ይይዛል። መዝገቡ የተከፈተው በእንግዳ መንገድ ነው። ቧንቧውንና ግድቡን ዛሬ ቢሠሩት ስንት ያወጣል ተብሎ ሳይሆን፣ አክሲዮኑ በገበያ ላይ በመጀመሪያዎቹ 200 ቀናት ያወጣው አማካይ ዋጋ ተወስዶ ነው። ሕዝቡ ቪክቶሪያ ዘመን የተሠራውን ቦይ በርካሽ ነው ያስመዘገበው። ከዚያ ወዲህ የተጨመረ ግንባታ ሁሉ ግን በሙሉ ዋጋው ይመዘገባል። ባለአክሲዮንና አበዳሪ በመዝገቡ ላይ በየዓመቱ የተወሰነ በመቶ ያገኛሉ። ተመኑ በ2019 ውሳኔ ከግሽበት በላይ 2.96 በመቶ ነበር፤ በ2024 ውሳኔ 4.03 በመቶ ሆነ። አንድ ነጥብ ጥቂት ናት። መዝገቡ ግን አሥር ቢሊዮን ፓውንድ ከሆነ፣ አንዲት ተጨማሪ ቧንቧ ሳይቀበር በየዓመቱ ከመቶ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጪ ተጨመረ ማለት ነው።

የተገላቢጦሹም ተፈጽሟል። ከ2008 የፋይናንስ ቀውስ በኋላ ወለድ ሲወርድ የድርጅቶቹ ወጪ አብሮ ወረደ፤ ዋጋው ግን ለአምስት ዓመት ተቆልፎ ነበር። የእንግሊዝ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት በ2015 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2010 እስከ 2015 ድርጅቶቹ ከተገመተው ወለድ በታች በመክፈላቸው 840 ሚሊዮን፣ ከተገመተው ግብር በታች በመክፈላቸው 410 ሚሊዮን ፓውንድ እንዳተረፉ አስልቷል። ይህ ገንዘብ በድርጅቶቹ ሒሳብ ላይ ከሌላው ትርፍ ጋር ተደባልቆ ነው የሚታየው። ቅልጥፍና ግን አይደለም፤ ሎተሪ ነው። ያው ሪፖርት አማካይ ክፍያው ከ1989 ወዲህ ከግሽበት በላይ 40 በመቶ መጨመሩንም አስፍሯል።

መዝገቡ ሌላ ጠባይም ያመጣል። ሃርቪ አቨርችና ሊላንድ ጆንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ገና በ1962 እንዳስጠነቀቁት፣ ትርፍህ በካፒታልህ መጠን ከተሰላልህ ካፒታል መቆለል ትወዳለህ። አንድ ወንዝ በናይትሬት ተበከለ እንበል። ዘዴ አንድ፦ ማጣሪያ ጣቢያ ትገነባለህ፤ መዝገብ ላይ ይገባል፣ ለአሥርተ ዓመታት ትርፍ ይወልዳል። ዘዴ ሁለት፦ በላይኛው ተፋሰስ ላለው ገበሬ ከፍለህ ማዳበሪያውን እንዲቀንስ ታግባባዋለህ፤ ይረክሳል፣ ግን የዓመት ወጪ ነውና ምንም አይወልድልህም። ዌሴክስ ዋተር ሁለተኛውን መንገድ ቀድሞ የሞከረ መሆኑ የሚያስመሰግነው ደንቡ ለሲሚንቶ ያደላ ስለነበር ነው። ኦፍዋት በ2014ቱ ክለሳ ሁለቱን የወጪ ዓይነቶች አንድ ላይ ማየት ሲጀምር አድሎው ቀለለ፤ ጨርሶ ጠፋ ማለት ግን አይቻልም። መሐንዲስ መገንባት ይወዳል፣ ፖለቲከኛ ደግሞ ሪባን መቁረጥ።

የሚፈሰው ውሃ ታሪክ ከሁሉ ይበልጥ ያስተምራል። በ1995 በጋ ዮርክሻየር ደረቀች። የዮርክሻየር የውሃ ድርጅት ቦቴ መኪናዎችን ቀን ከሌት እያመላለሰ የምዕራቡን ክፍል አጠጣ፤ ያ ሁሉ ሲሆን ግን የራሱ ቧንቧ ያንጠባጥብ ነበር። በዚያ ጊዜ በእንግሊዝና በዌልስ በቀን ከ5 ቢሊዮን ሊትር በላይ የተጣራ ውሃ በየመንገዱ ይፈስ ነበር። የቶኒ ብሌር መንግሥት በ1997 ሥልጣን እንደያዘ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጆን ፕሬስኮት ድርጅቶቹን ሰብስቦ አስገዳጅ ግብ እንዲጣልባቸው አደረገ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ መጠኑ ወደ 3.3 ቢሊዮን ወረደ። አዲስ ቴክኖሎጂ አልተፈለሰፈም። የተሠራው የታወቀ ሥራ ነው፤ ሌሊት ግፊት መቀነስ፣ መስመሩን በክፍል በክፍል ከፍሎ በቆጣሪ መከታተል፣ ጆሮ ያለው ሠራተኛ አሰማርቶ የሚያፏጨውን ቧንቧ ማሰስ። ይህ ሁሉ ከሽያጩ በኋላ ባሉት ስምንት ዓመታትም ይታወቅ ነበር።

ከ2000 በኋላስ? ቁጥሩ ለሁለት አሥርተ ዓመታት ያህል ብዙም ሳይነቃነቅ ቆየ። ደንቡ “አንድ ተጨማሪ ሊትር ከመፍሰስ ለማዳን የሚወጣው ገንዘብ ያንን ሊትር ከማምረት ከበለጠ ቁም” ስለሚል ነበር። ስሌቱ ስሕተት አልነበረም። ውሃን ከወንዝ ማውጣት ርካሽ ሆኖ ከተመዘገበ፣ የሚደርቀው ወንዝ ደግሞ በስሌቱ ቦታው ጠባብ ከሆነ፣ መፍሰሱ “ኢኮኖሚያዊ” ይሆናል። የተቆጠረው ወረደ፣ ያልተቆጠረው ቆመ።

ከዚህ የባሰው የቧንቧው ዕድሜ ነው። የሚኒባስ ታክሲ ባለቤት ዘይት ሳያስቀይር፣ ጎማ ሳይለውጥ አንድ ዓመት ቢያሽከረክር የየዕለቱ ገቢው ያምራል፤ ሞተር የሚወርደው በኋላ ነው፣ ያን ጊዜ መኪናውን ሸጦት ሊሆን ይችላል። ከ2020 ወዲህ በእንግሊዝ በዓመት የሚታደሰው የውሃ መስመር ከጠቅላላው 0.2 በመቶ አይሞላም። በዚህ ፍጥነት ሙሉውን ለመለወጥ ከ500 ዓመት በላይ ይፈጃል። አንድ ድርጅት የጥገና በጀቱን ከእኩዮቹ በታች ሲያወርድ በንጽጽሩ ስሌት “ቀልጣፋ” ሆኖ ይወጣል፤ የሱ ቁጥር ለሌሎቹ መለኪያ ይሆናል፤ ሌሎቹም ይከተሉታል። በዚህ ላይ ድርጅቶቹን ብቻ መውቀስ አይቻልም። ተቆጣጣሪው የትናንቱን ወጪ እያየ የነገውን ሲተምን፣ ትናንት ያልታደሰ ቧንቧ ነገም እንዳይታደስ አስልቶ ነው።

ፍሳሹም እንዲሁ ነው። ዝናብ ሲበረታ ፍሳሹ ወደ ወንዝ እንዲወጣ የተፈቀደባቸው መውጫዎች በእንግሊዝ ብዙ ሺህ ናቸው፤ ለዓመታት አብዛኞቹን የሚቆጥራቸው አልነበረም። በሁሉም ላይ መቆጣጠሪያ መሣሪያ ተገጥሞ ያለቀው በ2023 መጨረሻ ነው። የዚያው ዓመት ድምር 3.6 ሚሊዮን ሰዓት የፍሳሽ መልቀቅ ሆኖ ተገኘ። አገር ተቆጣ፤ በቢሊዮን የሚቆጠር ግንባታም ታዘዘ። ያ ወጪ ድሮም ነበረ፤ ሲከፍሉት የኖሩት ዓሦቹና ዋናተኞቹ ነበሩ። ቆጠራ ባለበት ቦታ ደግሞ ማጭበርበር ይመጣል። ሳውዘርን ዋተር የማጣሪያ ጣቢያዎቹን ናሙና ሆን ብሎ በማዛባቱ በ2019 ኦፍዋት 126 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣትና ተመላሽ ጣለበት፤ በ2021 ደግሞ ፍርድ ቤት በብክለት 90 ሚሊዮን ቀጣው። እንዲህ ያለ ድርጅት በወጪ ንጽጽር ሠንጠረዥ ላይ ለዓመታት ምን መስሎ እንደታየ አንባቢ ይገምት።

ስለ ዕዳ ብዙ ተጽፏልና አጠር ላድርገው። ያለ ዕዳ የተሸጡት ድርጅቶች ዛሬ በጥቅሉ ከ60 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ዕዳ አለባቸው። ቴምስ ዋተር በ2025 መጀመሪያ ላይ ሳይወድቅ የቆየው ፍርድ ቤት በፈቀደለት እስከ 3 ቢሊዮን ፓውንድ የሚደርስ የአደጋ ጊዜ ብድር ነው፤ ወለዱ 9.75 በመቶ። በዚያው ዓመት ሜይ ወር ኦፍዋት 122.7 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣው። ተከላካዮቹ አንድ ነገር በትክክል ይናገራሉ፦ ደንቡ ተመኑን የሚያሰላው በግምታዊ ድርጅት ዕዳ እንጂ በእያንዳንዱ ድርጅት ትክክለኛ ዕዳ አይደለም፤ ስለዚህ ከልክ በላይ የተበደረው ጉዳቱ ለራሱ ነው። በወረቀት ላይ እንዲህ ነው። ለ16 ሚሊዮን ሰው የውሃ ወይም የፍሳሽ አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ሊወድቅ ሲል ግን “ለራሱ” የሚባል ነገር የለም፤ አበዳሪውም፣ መንግሥቱም፣ ደንበኛውም ይህን ያውቃሉ።

በጁላይ 2025 ሰር ጆን ከንሊፍ የመሩት ገለልተኛ ኮሚሽን 88 ምክረ ሐሳቦች አቀረበ፤ መንግሥትም ኦፍዋትን አፍርሶ በአዲስ ተቆጣጣሪ እንደሚተካ አስታወቀ። ከምክሮቹ አንዱ ተቆጣጣሪው ቢሮ ተቀምጦ በንጽጽር ስሌት ላይ ብቻ ከመደገፍ ወጥቶ እያንዳንዱን ድርጅት በቅርብ እንዲያውቅ ነው። ጥሩ ምክር ነው፤ አደጋም አለው። ድርጅቱን በቅርብ የሚያውቅ ተቆጣጣሪ የድርጅቱ ወዳጅ እየሆነ የመሄድ ልማድ አለው፤ ስሌት ደረቅ ቢሆንም ግብዣ አይጠራም። እኔ ብጠየቅ ስሌቱን አልጥልም፤ የሚቆጥረውን ነገር ግን እለውጣለሁ። የቧንቧውን ሁኔታ የማያይ የወጪ ንጽጽር ለአምስት ዓመት ዋጋ መወሰኛ ሊሆን አይገባም።

ጉዳዩ የእንግሊዝ ብቻ አይደለም። ኬንያ በ2002 የውሃ አዋጅ ያቋቋመችው ተቆጣጣሪ ድርጅቶቿን በየዓመቱ በደረጃ አሰልፎ ያትማል፤ ከሚመረተው ውሃ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ገቢ ሳያመጣ እንደሚቀር ሕዝቡ የሚያውቀው ከዚያ ሪፖርት ነው። ኢትዮጵያም በ1999 ያወጣችው የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ የከተማ ውሃ ድርጅቶች ሙሉ ወጪያቸውን ከታሪፍ እንዲሸፍኑ ይላል። “ሙሉ ወጪ” ሲባል የየትኛው? ሳይጣራ የሚፈሰው ፍሳሽ ይቆጠራል? የሚያረጀው መስመር? በመንገድ የጠፋው የተጣራ ውሃስ በደንበኛው ታሪፍ ላይ ተጭኖ ነው “የሚሸፈነው”?

እንግዲህ በምትኖሩበት ከተማ አዲስ የውሃ ታሪፍ ሲታወጅ በመቶኛው ላይ ብቻ አትከራከሩ። ሦስት ቁጥሮች ጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት ስንት ኪሎ ሜትር መስመር ታደሰ? ከተመረተው ውሃ ስንቱ ቆጣሪ ጋ ደረሰ? ለአንድ ሜትር ኪዩብ ስንት ኪሎዋት ሰዓት መብራት ጠፋ? ሦስቱንም በየዓመቱ የሚያሳትም ድርጅት ጭማሪ ሲጠይቅ ሊደመጥ ይገባዋል። የማያሳትም ከሆነ መጀመሪያ ቁጥሮቹን ያምጣ።